ሞያን በጎልማሳነት ስለ መለወጥ፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ትምህርት እንደ ምሳሌ



ስለ ትምህርት ሲነገር በሰሚው ልብ ፈጥኖ የሚሣለው የሕፃን ወይም የወጣት መልክ ነው። ማለዳ ደብተሩን ይዞ የሚገሠግሠው፥ ደወል ሲደወል የሚሰለፈው፥ ወላጅ የሚያበላውና የሚያለብሰው እርሱ ስለ ሆነ፥ የትምህርት ቤቱ ደንብም መጽሐፉም ወንበሩም ሳይቀር በእርሱ ልክ የተሰፋ ነው። ይህ ንግግር የሚመለከተው ግን ሌላ ተማሪ ነው፤ ይኸውም ዕድሜው ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት ያለፈው፥ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር፥ በሌላ ሥራ ብዙ ዘመን የኖረና ያን ሥራ ትቶ አዲስ ሞያ ለመማር የተነሣ ሰው ነው። ነገሩ በደምሳሳው ቢነገር የማይጨበጥ እንዳይሆን፥ ምሳሌው የኤሌክትሪክ ሠራተኛነት እንዲሆን ተመርጧል።

ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤሌክትሪክ ሥራ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ አገሮች ዕለት ዕለት የሚፈለግ ሞያ ነው፤ ደግሞም ስሕተትን በቀይ ቀለም አርሞ የሚያልፍ ሞያ አይደለም። በሒሳብ ክፍል የተሳሳተ ተማሪ ከዐሥሩ ስድስት ያገኛል፤ በሽቦ ላይ የተሳሳተ ሠራተኛ ግን የራሱን ሕይወት ወይም የሌላውን ሰው ቤት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጎልማሳን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ ይህ ሞያ ከብዙዎቹ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። የንግግሩም ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ሞያ ለመለወጥ ለመጣ ጎልማሳ ትምህርት ቤት ሁለት ነገሮችን ባንድነት ሊያደርግለት ይገባል፤ የሚያውቀውን ማክበርና የማያውቀውን አለማቅለል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢደረግለት እርሱ ይጐዳል፤ ከእርሱም ጋር ሥራውን የሰጠው ሰው ይጐዳል።

የሞያው ተፈላጊነት ከታሪኩ ይታያል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ በአገሪቱ የመብራት አገልግሎት ያገኙት ከተሞች ጥቂቶች ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመርቆ ወደ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ሥራ ሲጀምር፥ በዘመኑ ታላቅ ነገር ሆኖ ታየ። ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተተከለው ኀይል ግን 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ይህም የቆቃውን ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በጎረቤት በኬንያም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሥመር አቅራቢያ ያሉትን ቤቶች ከመሥመሩ ጋር ለማገናኘት ሰፊ ሥራ ተሠርቷል።

ነገር ግን ግድብ በራሱ ቤት ውስጥ አይገባም። በተራራና በሸለቆ ላይ ተዘርግቶ የመጣው ኀይል ከትራንስፎርመር ወርዶ፥ በቆጣሪ አልፎ፥ አምፖሉና ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው በሠራተኛ እጅ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው መሥመር የኀይል አቅራቢው ድርጅት ኀላፊነት ሲሆን፥ ከቆጣሪው ወዲህ በግድግዳው ውስጥ የሚቀበረው ሽቦ ግን የባለቤቱ ነው። ባለቤቱም ነገሩን ስለማያውቅ ሠራተኛውን ያምናል። ግድግዳው ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ በውስጡ ያለው ሥራ ደግ ይሁን ክፉ ማንም አያየውም። እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ሞያ በምን ዐይነት ትምህርት አጠናቀቀ የሚለው ጥያቄ የእርሱ የግል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ወደዚህ ትምህርት የሚመጣው ጎልማሳ ከልዩ ልዩ ሥፍራ ይመጣል። አንዱ በመሥሪያ ቤት ጽሕፈት ሲሠራ ኖሮ ሥራው በኮምፒውተር የተተካበት ነው። አንዱ ከውትድርና የተሰናበተ ነው። አንዱ ሾፌር የነበረና ጤናው ረጅም መንገድ መንዳትን የከለከለው ነው። አንዲቱ በዐረብ አገር በሰው ቤት ስታገለግል ቆይታ ለአገሯ የበቃች፥ ያጠራቀመችውን ጥቂት ገንዘብ ሳትጨርስ ራሷን የሚያስችላት ሞያ የምትፈልግ ሴት ናት። ከመምህራንም መካከል ደመወዙ ለቤተ ሰቡ አልበቃ ብሎት ማታ ማታ ሌላ ሞያ የሚማር አለ። እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር ቢኖር ጊዜያቸው የተቈጠረ መሆኑ ነው። ወጣቱ አንድ ዓመት ቢያባክን ወላጅ ይሸከመዋል፤ ጎልማሳው አንድ ዓመት ቢያባክን ግን ልጆቹ ይራባሉ።

ከገንዘቡ ችግር ቀጥሎ የሚያስቸግረው ኀፍረት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊርማውን ያኖር የነበረ ሰው መሰላል ተሸክሞ በሰፈሩ ሲያልፍ ያየው ሰው ወረደ ይለዋል። ይህ አስተሳሰብ በአገሪቱ ሥር የሰደደ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማ ሠሪውን፥ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን መናቅ የቈየ ልማድ እንደ ነበረ፥ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የታወቀ ነው። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም የአንድ ልማድ ሥር በዐዋጅ ብቻ እንደማይነቀል ዛሬም ይታያል። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ለብዙ ወጣቶች የእጅ ሞያን ከቀለም ትምህርት ጋር አጣምሮ በማስተማር ይህን ንቀት ለመቀነስ ብዙ ደክሟል። ትምህርት ቤት ራሱ «በፈተና የወደቀው ወደ ሞያ ይሂድ» እያለ ሲናገር ግን የተከለውን መልሶ ይነቅላል። ሞያ የወደቀ ሰው መጠለያ ተደርጎ ከተቈጠረ፥ አስቦና ወስኖ የሚመጣው ጎልማሳ በበሩ ላይ ያፍራል።

በጎልማሳነት ወደ ኤሌክትሪክ መዞር የሚያሳፍር አለመሆኑን የዕውቀቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ማይክል ፋራዴይ በ1791 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከአንጥረኛ ቤት ተወለደ። ሰባት ዓመት መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሞያ ተማረ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት እያነበበ ስለ ኤሌክትሪክ ዐወቀ። በ1813 እ.ኤ.አ. ጥረዛውን ትቶ በለንደን በአንድ የሳይንስ ተቋም በረዳትነት ገባ። ማግኔትና ሽቦ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘውም አርባ ዓመት ያህል ሲሆነው ነው። የቆቃም የሕዳሴም ግድብ ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

በዚያው ዓመት በ1791 በአሜሪካ የተወለደው ሳሙኤል ሞርስ ደግሞ ሠዓሊ ነበር። በኤሌክትሪክ መልእክት ለመላክ ያሰበው በ1832 እ.ኤ.አ. የአርባ አንድ ዓመት ሰው ሳለ ነው። የሠራው መሣሪያ ግን በረጅም ሽቦ ላይ አልሠራ አለው፤ መልእክቱ ጥቂት እንደ ሄደ ይጠፋበት ነበር። በዚህ ጊዜ በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ሊናርድ ጌል፥ በዕድሜ ከሞርስ ዘጠኝ ዓመት ያህል የሚያንስ ሰው፥ የባትሪውን ቍጥርና የሽቦውን ጥቅልል እንዲያበዛ አስተማረው፤ ይህም ጆሴፍ ሄንሪ የተባለው ሊቅ አስቀድሞ ያገኘው ዕውቀት ነበር። ሞርስ ምክሩን ተቀበለ፤ መሣሪያውም ርቆ መሥራት ጀመረ። በ1844 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የተዘረጋው የቴሌግራፍ መሥመር መልእክት ሲያስተላልፍ ሞርስ ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ዓመት ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራን የሚጠቅመው የሞርስ ዝና አይደለም። ሠዓሊው የራሱን ሐሳብና ትጋት ይዞ መጣ፤ የጐደለውን ደግሞ ከእርሱ ከሚያንስ ሰው ተቀበለ። ሐሳቡና ትጋቱ ባይኖር የሚሻሻል መሣሪያ አይኖርም ነበር፤ የጌል ትምህርት ባይጨመርበት ደግሞ መሣሪያው በአንድ ክፍል ውስጥ ቀርቶ ነበር። በማታ ትምህርት ቤትም በየዓመቱ የሚገናኙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ብዙ የኖረ ተማሪና ጥቂት የኖረ ዐዋቂ።

ጎልማሳው የሚያመጣው ሀብት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ካልተፈለገ አይታይም። ግንበኛ የነበረው ግድግዳ የት ቢሰረሰር እንደሚጸና፥ የት ቢነካ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል፤ ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ ሲቀብር ወጣቱ በወር የሚማረውን በአንድ ቀን ይይዛል። ልብስ ሰፊ የነበረችው ጣቶቿ ቀጭን ሥራ የለመዱ ናቸው፤ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ብዙ ሽቦ መደርደር አያስቸግራትም። ጸሐፊ የነበረው መዝገብ መያዝን ያውቃል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ ከነሚወስዱት ኀይል ጽፎ መደመርና ለየመሥመሩ ማከፋፈል የመዝገብ ሥራ ነውና ለእርሱ ይቀልለታል። ሾፌር የነበረው የሞተርን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን መለየት ስለ ለመደ፥ ብልሽትን ደረጃ በደረጃ መፈለግ ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ገብቶታል። እነዚህን ሁሉ እንደ ባዶ ማሰሮ ቈጥሮ «ይህ ካቻቢቴ ይባላል» ብሎ መጀመር ጊዜያቸውን መስረቅና ክብራቸውን መንካት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጎልማሳው ይዞት የሚመጣው ሁሉ ሀብት አይደለም። በቤቱ ፊውዝ የጠገነ፥ ለጎረቤቱ ሶኬት የገጠመና ሳይነዝረው የቀረ ሰው፥ አለመነዘሩን እንደ ዕውቀት ይቈጥረዋል። ወጣቱ ካለማወቁ የተነሣ ይፈራል፤ ጎልማሳው ግን በጥቂቱ ስለሚያውቅ አይፈራም፤ በዚህ ሞያ ደግሞ ይበልጥ የሚያሠጋው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ነው ለጎልማሳ የሚሰጠው ትምህርት በማክበር ብቻ ሊያልቅ የማይችለው።

ነገሩን በየቤቱ በሚታይ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት መሥመር ላይ ሲሠራ፥ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይሆናል። እያንዳንዱ 10 ዋት የሚወስድ አምፖል ቢታሰብ፥ አንዱ ምጣድ የ350 አምፖሎችን ኀይል ብቻውን ይወስዳል ማለት ነው። ለአምፖል መሥመር የተዘረጋውን ቀጭን ሽቦ ለምጣድ ያዋለ ሰው፥ ምጣዱ ስለ ጋለለት ሥራው የተቃና ይመስለዋል፤ በግድግዳው ውስጥ ሽቦውም እንደ ምጣዱ እየጋለ መሆኑን አያይም። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት እጥፍ ሲሆን የሚወለደው ሙቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ እንደሚሆን የተማረ ሰው ብቻ ይህን በልቡ ያያል።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ስሕተት አለ። መሥመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ብሬከሩ እየወደቀ መብራት ይቈርጣል። ባለቤቱ ይማረራል፤ ሠራተኛ ይጠራል። ያልተማረው ሠራተኛ ብሬከሩን አውጥቶ ትልቅ ብሬከር ይተክላል፤ መብራቱም መቈረጡን ያቆማል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። በእውነቱ ግን የተደረገው፥ እሳት ሲመጣ ይጮኽ የነበረውን ዘበኛ አሰናብቶ የማይጮኽ ዘበኛ መቅጠር ነው። ብሬከሩ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ልክ እንጂ በባለቤቱ ትዕግሥት ልክ አይደለም። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንበኛውን ደስ ማሰኘት የለመደ፥ ከቀድሞ ሥራው ያመጣው ጠባይ በአዲሱ ሥራ የሚጐዳበት ሰው ነው። ደንበኛን ደስ ማሰኘት ለነጋዴ በጎ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን አንዳንድ ጊዜ «አይሆንም» ማለት አለበት። ይህንንም ቃል ከነምክንያቱ የሚያስተምረው መምህሩ ነው።

ስለ ሰውነትም እንዲሁ ነው። ሰውን ከንዝረት ለመጠበቅ በቤት ውስጥ የሚተከለው የፍሳሽ ጠባቂ መሣሪያ መሥመሩን የሚቈርጠው በ30 ሚሊ አምፔር ነው፤ ይህም ለምጣዱ ከሚያልፈው ከአምስት መቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። የልብን ምት ለማወክ እጅግ ጥቂት ፍሰት እንደሚበቃ ከዚህ ይታያል። እንግዲህ የ16 አምፔር ብሬከር ቤትን ከቃጠሎ ይጠብቅ እንደ ሆነ እንጂ ሰውን ከሞት አይጠብቅም። በጎልማሳው አእምሮ ውስጥ ግን «ብሬከር ስላለ አይገድልም» የሚል እምነት ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ይገኛል፤ ይህን ነቅሎ እውነተኛውን መትከል አዲስ ነገር ከማስተማር ይከብዳል።

ስለዚህም ነው በሞያው ውስጥ ሦስቱ የመሞከር ደረጃዎች እንደ ጸሎት በቃል የሚያዙት። ሠራተኛው መሥመሩን ካጠፋና ሌላ ሰው እንዳያበራው ከቈለፈ በኋላ፥ አስቀድሞ መሞከሪያውን ኀይል እንዳለበት በታወቀ መሥመር ላይ ይሞክራል፤ ሁለተኛ የሚሠራበትን መሥመር ይሞክራል፤ ሦስተኛ መሞከሪያውን መልሶ በታወቀው መሥመር ላይ ይሞክራል። ሦስተኛው ለምን ያስፈልጋል ቢባል፥ መሞከሪያው በመካከሉ ተበላሽቶ ከሆነ «ኀይል የለም» ብሎ የመሰከረው ምስክርነት ሐሰት ሊሆን ስለሚችል ነው። ሃያ ዓመት በሌላ ሥራ የኖረ ሰው ይህን ሲያደርጉ ሲያይ የልጅ ጨዋታ ይመስለዋል፤ ጥቂት ቀን ሠርቶም ሦስተኛውን፥ ቀጥሎም አንደኛውን ይተዋል። መምህሩ በዚህ ላይ መራራት የለበትም። የተማሪው ሽበት ለመምህሩ አክብሮትን ያዝዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ለሽበት አያደላም።

የማያውቀውን አለማቅለል ማለት ግን ማስጨነቅ ማለት አይደለም። ብዙ ጎልማሶች በዚህ ትምህርት የሚሰናከሉት በእጅ ሥራው ሳይሆን በሒሳቡ ነው። ክፍልፋይን፥ ካሬንና ቀመርን ከተዉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ሒሳቡ ለብቻው በመጀመሪያው ወር ቢደረደርባቸው ብዙዎቹ ሁለተኛውን ወር ሳያዩ ይቀራሉ። ሒሳቡ በሥራው ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የምጣዱ ማካፈል ከላይ እንደ ታየው የኦም ሕግ በር ከፋች ነው፤ ተማሪው መልሱን በመለኪያ መሣሪያ ላይ ሲያየው ያምነዋል። ጎልማሳ ምክንያቱን ያየውን ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ ምክንያት የሌለውን ነገር ግን እንደ ልጅ በቃሉ አያጠናም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየገጠሩ የተሠማሩ መምህራን ይህን በሥራ አይተውታል፤ ገበሬው ፊደሉን ፈጥኖ የያዘው ከኑሮው ጋር በተያያዘ ቃል ውስጥ ሲያገኘው ነበር።

ቀጥሎ የሚነሣው የመምህሩና የተማሪው ዕድሜ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት በብዙ ጎልማሳ ልብ ውስጥ አለ፤ የሃያ አምስት ዓመቱ መምህር ሰሌዳው ፊት ሲቆም ተረቱ አብሮት ይቆማል። ይህን የሚያሸንፈው መምህሩ በቍጣ አይደለም፤ ቍጣ ተረቱን ያጸናዋል። የሚያሸንፈው ተማሪውን «አንቱ» ብሎ እየጠራ፥ ስሕተቱን በሰው ፊት ሳይሆን በሥራው ጠረጴዛ ላይ እያሳየ፥ ደንቡን ግን ለማንም ሳያጐድል ሲቀር ነው። «እርስዎ በግንበኝነት ሳሉ ውኃ ልኩን ሳያዩ ግድግዳ ያቆሙ ነበርን?» ብሎ የጠየቀ መምህር፥ ስለ መሞከሪያው ብዙ ስብከት አያስፈልገውም፤ ተማሪው ከራሱ ሞያ ተነሥቶ የሌላውን ሞያ ደንብ ያከብራል። የሚያውቀውን ማክበርና የማያውቀውን አለማቅለል በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ይህ ጥያቄ ያሳያል።

የትምህርት ኀላፊዎችን በተለይ የሚመለከቱ ነገሮችም አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። ጎልማሳው ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ስለ ሆነ፥ ወርክሾፑ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተቈልፎ መምህሩ ማታ በሰሌዳ ብቻ የሚያስተምር ከሆነ፥ ተማሪው ሽቦ ሳይነካ የሽቦ ሰው ተብሎ ይወጣል። ሁለተኛው የትምህርቱ አከፋፈል ነው። ትምህርቱ በአጫጭር ክፍሎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ዕውቀት የሚሰጥ ቢሆን፥ ለሁለት ዓመት ገቢ ማቋረጥ የማይችል ሰው አንዱን ክፍል ጨርሶ በዚያው ልክ በዐዋቂ ሥር እየሠራ ወደሚቀጥለው ለመመለስ ይችላል። ሦስተኛው ልምምድ ነው። በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የተገጠመ ሶኬት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ በአሮጌ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ቀለሙ የጠፋ፥ ማን እንደ ዘረጋው የማይታወቅ ነው። ይህን ተማሪው ብቻውን ሲሆን ከሚያየው አስቀድሞ ከዐዋቂ ጋር ሆኖ ቢያየው ይሻለዋል።

አራተኛው የቀድሞ ዕውቀትን መመዘን ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቴክኒክና ሞያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ፥ ሰው ዕውቀቱን በመደበኛ ትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ያግኘው፥ ተመዝኖ ብቁ ሆኖ ከተገኘ ማስረጃ እንዲያገኝ በር ከፍቷል። በኬንያም ሠራተኛው በሥራ የቀሰመው ችሎታ በየደረጃው እየተፈተነ ማስረጃ የሚሰጥበት አሠራር ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ይህ ለጎልማሳው ታላቅ ዕድል ነው፤ የሚያውቀውን እንደገና ለመማር አይገደድም። ነገር ግን ምዘናው የሚጠቅመው እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። «ዐሥር ዓመት ሠርቻለሁ» የሚል ሰው ዐሥር ዓመት ተምሯል ማለት ላይሆን ይችላል፤ አንዱን ዓመት ዐሥር ጊዜ ደጋግሞት ይሆናል። መዛኙ በርኅራኄ ወይም በእጅ መንሻ ያሳለፈው ሰው የሚሠራው በመዛኙ ቤት አይደለም፤ ምንም በማያውቅ በሌላ ሰው ቤት ነው።

አምስተኛው የሴቶች ነገር ነው። በብዙ ሰው ዘንድ መሰላልና ካቻቢቴ የወንድ ዕቃ ተደርጎ ይቈጠራል። ሥራው የሚጠይቀው ግን ከጕልበት ይልቅ ጥንቃቄና ንጹሕ እጅ ነው። ደግሞም ባልዋ ሥራ በሄደበት ሰዓት ቤቷን ለማታውቀው ወንድ መክፈት የምትፈራ እመቤት፥ ሴት ሠራተኛ ብታገኝ ትመርጣለች። ትምህርት ቤቱ ለእናቶች የሚመች ሰዓት ባያዘጋጅ፥ ማታ ሲለቀቁም መንገዱ የሚያሠጋቸው ቢሆን፥ በሩ ተከፍቶላቸዋል ማለት አይቻልም።

በገጠር ደግሞ ሞያው ሌላ መልክ አለው። ዋናው መሥመር ባልደረሰበት ሥፍራ የፀሐይ ኀይል በየቤቱ ጣራ ላይ እየተተከለ ነው። በከተማ መሥመር የሠለጠነ ሰው ማጥፊያውን ካጠፋ በኋላ ሽቦው ሞቷል ብሎ ማመንን ለምዷል። የፀሐይ ሰሌዳ ግን ብርሃን እስካረፈበት ድረስ ቮልት መስጠቱን አያቆምም፤ ባትሪውም ማንም ሳያበራው ኀይል ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሞያ የለወጠ ሰው ትምህርቱን ጨርሻለሁ ሊል አይችልም፤ በሞያው ውስጥም እንደገና ተማሪ መሆን ይጠበቅበታል። ይህን ጠባይ ይዞ ከትምህርት ቤት ከወጣ፥ ከምስክር ወረቀቱ የሚበልጥ ነገር ይዞ ወጥቷል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ የታወቀ ነው። ወንበሩና መሣሪያው ለወጣቱ እንኳ ሳይበቃ ለጎልማሳ ማካፈል ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የመሣሪያው ጥበት በየትምህርት ቤቱ ይታያል። ይሁን እንጂ ጎልማሳው የሚፈልገው ቀን ወጣቱ የተቀመጠበትን ወንበር ሳይሆን ማታ ባዶውን የሚያድረውን ነው። ከዚህም በላይ፥ በትምህርት ቤት ባይቀበሉት ይህን ሥራ መሥራቱን አይተውም። የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ያስገድደዋልና፥ ከጓደኛው ጥቂት አይቶ፥ ፒንሳና መሞከሪያ ገዝቶ ሰፈር ለሰፈር ይሠራል። ስለዚህ ለትምህርት ኀላፊ የቀረበለት ምርጫ ጎልማሳው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሁን ወይስ አይሁን የሚል አይደለም፤ የተማረ ይሁን ወይስ ያልተማረ የሚል ነው።

«ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» እንዲሉ፥ ሞያውን ተምሮ የሚሠራው ጎልማሳው ራሱ ነው። ከመምህራንና ከኀላፊዎች የሚጠበቀው በሩን መክፈት፥ ከገባም በኋላ እንደ ሕፃን ሳይቈጥሩት እንደ ዐዋቂም ሳያልፉት በእውነት ማስተማርና በእውነት መመዘን ነው። ለሚመጣው የትምህርት ዘመን ሰሌዳ ሲዘጋጅ፥ በየትምህርት ቤቱ ማታ የሚቈለፈው ወርክሾፕ በሳምንት ስንት ሌሊት ሊከፈት እንደሚችል፥ የትኛው መምህር ሊይዘው እንደሚችል፥ የመግቢያውም ምዘና በማን እንደሚደረግ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ቢወሰን፥ ይህ ንግግር የተደረገበት ዓላማ ይፈጸማል።